ዳርሲ ሪቤይሮ ነባር ሕዝቦችን መወጣጫ አላደረጋቸውም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ብራዚላዊው አንትሮፖሎጂስትና ፖለቲከኛ ስለ ዳርሲ ሪቤይሮ በአማርኛ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ሰውዬው የብራዚልን ነባር ሕዝቦች የሥልጣን መወጣጫ አደረጋቸው። ከስሜት በቀር ማስረጃ አልነበረውም። ለነባሮቹ የተከለለው ሺንጉ የሚባል ክልል ደግሞ የሰው አንበሳ ግቢ ነው፤ ያውም ወታደራዊው መንግሥት የሠራው። ነባሮቹ ራሳቸው መናገር ሲችሉ እሱ አፋቸው ሆነ። ፓርላማ ሲገባ ረሳቸው። በመጨረሻም «አልተሳካልኝም» ብሎ ራሱ አመነ።

ጸሐፊው ማንበባቸው ያስታውቃል፤ አማርኛቸውም ይጥማል። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚሁ ነው። ስለ ዳርሲ በአማርኛ የሚገኘው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ አንባቢ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድ። ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ቦታም አለ፤ እሱንም አልሸሽግም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ነባሮቹን የሥልጣን መወጣጫ አደረጋቸው»

እስቲ የጊዜውን ቅደም ተከተል እንይ። ዳርሲ በ1922 ሚናስ ዤራይስ ግዛት ውስጥ ሞንቴስ ክላሮስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞቱበት ገና በሦስት ዓመቱ ገደማ ነው። እናቱ አስተማሪ ነበሩ። ሕክምና መማር ጀምሮ ተወው። ከዚያ ሳኦ ፓውሎ ሄዶ በ1946 በማኅበራዊ ሳይንስ ተመረቀ። በዓመቱ የነባር ሕዝቦች ጥበቃ አገልግሎት በሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ።

መሥሪያ ቤቱን በ1910 ያቋቋመው ካንዲዶ ሮንዶን የሚባል የጦር መኮንን ነው። ሮንዶን ራሱ የነባር ሕዝቦች ዘር አለው። በጫካ ውስጥ የቴሌግራፍ መስመር ሲዘረጋ ወታደሮቹን ያዘዘበት ቃል ብራዚል ውስጥ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ካስፈለገ ሙቱ፣ በፍጹም ግን አትግደሉ። ዳርሲ ሲደርስ ግን መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የጎደለው፣ ከመሬት ከበርቴ ጋር ሲጋጭ አቅም የሚያንሰው ነበር። ሥልጣን የቋመጠ ወጣት እንዲህ ያለ ቦታ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ሪዮ ተቀምጦ ፓርቲ ይጠጋል እንጂ።

እሱ ጫካ ገባ። መጀመሪያ በደቡብ ማቶ ግሮሶ ከካዲዌው ሕዝብ ጋር ቆየ። ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ማራንያው ግዛት ውስጥ ወደ ካአፖር ሕዝብ ሁለት ጊዜ ረጅም ጉዞ አደረገ። በመጀመሪያው ጉዞ መንደሮቹ ላይ ኩፍኝ ወርዶ አገኘ።

እኛ ልጆቻችንን የምናስከትበው ኩፍኝ እዚያ መንደር ሙሉ ሰው ይጥል ነበር። ሕዝቡ በሽታውን ከዚያ በፊት አያውቀውም። ስለዚህ ሕፃኑም ጎልማሳውም ሽማግሌውም አንድ ላይ ይተኛል። ውኃ የሚቀዳ ይጠፋል። ካሳቫ ከማሳ የሚያመጣ ይጠፋል። እሳት የሚያነድም የለም። የፈሩት ወደ ጫካ ይሸሻሉ፤ እዚያም ረሃቡና ብርዱ ይጨርሳቸዋል። ዳርሲ ይህን በዓይኑ አየ። በ1956 ባሳተመው ጥናትም ጉዳዩን በግልጽ አስቀመጠው። የሚገድለው በሽታው ብቻ አይደለም፤ አስታማሚ መጥፋቱም ነው። መድኃኒት ይዞ መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያበላና የሚያጠጣ ሰውም መላክ አለበት።

የመስክ ማስታወሻውን ለሚስቱ ለበርታ እንደሚልከው ደብዳቤ አድርጎ ነበር የሚጽፈው። እዚያ ውስጥ አናካምፑኩ የሚባል የካአፖር አለቃ እናገኛለን። አለቃው የቅድመ አያቶቹን ስም ትውልድ በትውልድ በቃሉ እየቆጠረ ያስጽፈዋል። ሽማግሌ ዘር ሲቆጥር ያደመጠ ያገራችን ሰው ዳርሲ በምን እንደተደነቀ አይጠፋውም። ይህን ሁሉ ስም ቁጭ ብሎ መጻፍ ግን ለምርጫ አይጠቅምም። ብራዚል ውስጥ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው እስከ 1985 ድረስ አይመርጥም ነበር። ከካአፖር መንደር ለፖለቲከኛ የሚገኝ ድምፅ አልነበረም።

በ1953 ሪዮ ውስጥ የነባር ሕዝቦች ሙዚየም አቋቋመ። ሙዚየሙ ሰዎቹን እንደ ጥንት ጉድ እንዲያሳይ አልፈለገም፤ የከተሜውን ንቀት እንዲዋጋ ነው ያሰበው። ፖለቲካው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የብራዚሊያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሬክተርም፣ የትምህርት ሚኒስትርም የሆነው በ1962 ነው። ጥበቃ አገልግሎቱ ከገባ 15 ዓመት አልፎታል። መወጣጫ የሚፈልግ ሰው 15 ዓመት ታች አይቀመጥም።

«ከስሜት በቀር ማስረጃ አልነበረውም»

ከሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ምክንያቱም የዳርሲ ትልቁ ሥራ ቆጠራ ነው፤ ጽሑፉ ግን አንድ ቃል አላነሳውም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዩኔስኮ ብራዚል ውስጥ የተለያየ ዘር ያላቸው ሰዎች እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ያስጠና ነበር። ከዳርሲ የተጠበቀው ነባሮቹ ቀስ በቀስ ከሌላው ብራዚላዊ ጋር እንዴት እንደተዋሐዱ እንዲያሳይ ነው። የምሥራች ነበር የሚጠበቀው። እሱ የመሥሪያ ቤቱን መዛግብት ከራሱ የመስክ ሥራ ጋር እያስተያየ ሕዝብ በሕዝብ ቆጠረ። በ1900 የሚታወቁ 230 ሕዝቦች ነበሩ። በ1957 ከነዚህ ውስጥ 87ቱ የሉም። ከውጭ ሰው ተነጥለው ይኖሩ የነበሩት ከ105 ወደ 33 ወርደዋል። የተረፈውን ሰው ሲገምት በመላው ብራዚል ከ68 ሺህ እስከ 100 ሺህ ቢሆን ነው።

በዚህም አላበቃም። ማን እንደጨረሳቸው ለይቶ አሳየ። ጎማ ሰብሳቢው ጉልበታቸውን ይፈልጋል፤ ወንዶቹን በዕዳ ይይዛል፤ ቤተሰቡን ይበትናል። ከብት አርቢው የግጦሽ መሬት ስለሚፈልግ ሰዎቹን ያባርራል። ገበሬው የሚፈልገው መሬቱን በሙሉ ነው። ስለዚህ አንድ ሕዝብ የሚደርስበት ነገር በር ላይ በቆመው የኢኮኖሚ ዓይነት ይወሰናል። በ1950ዎቹ ይህን በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ቀላል ድፍረት አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱን የራሱን ውድቀት በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ማጋለጥ ማለት ነውና።

ሁለተኛው ግኝቱ ደግሞ የጠያቂዎቹን ግምት አፈረሰ። ልብሳቸውን የለወጡ፣ ቋንቋቸው የጠፋባቸው፣ በቀን ሥራ የሚያድሩ ሕዝቦች ሳይቀሩ «እኛ እኛ ነን» ማለታቸውን አልተዉም። ጎረቤቶቻቸውም እንደ ሌላ ሕዝብ ነው የሚያዩአቸው። ሞተዋል፤ ተለውጠዋል፤ ተዋሕደው ግን አልቀለጡም። የመንግሥት ፖሊሲ ለአሥርት ዓመታት የቆመው «ይዋሐዳሉ» በሚል ተስፋ ላይ ነበር። ዳርሲ ያ ተስፋ መሠረት እንደሌለው በቁጥር አሳየ። ይህን ሰው ማስረጃ የለውም ማለት እንዴት ይቻላል?

«ሺንጉ የሰው አንበሳ ግቢ ነው፤ ወታደሮቹም ሠሩት»

ሁለተኛውን ክስ ቀድሜ ልጨርስ። ሺንጉ የታወጀው በ1961 በፕሬዚዳንት ጃኒዮ ኳድሮስ ፊርማ ነው። ወታደሮቹ መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉት በ1964 ነው። እነሱ ለሺንጉ ያተረፉለት ነገር ቢኖር በ1971 ሰሜናዊ ክፍሉን ቆርጦ ያለፈ አውራ ጎዳና ነው።

አሁን ወደ «አንበሳ ግቢው»። የክልሉ ረቂቅ የተዘጋጀው በ1952 ነው። ዳርሲ ነበረበት። አንትሮፖሎጂስቱ ኤድዋርዶ ጋልቫን፣ ሐኪሙ ኖኤል ኑቴልስ፣ በሺንጉ ይሠሩ የነበሩት ቪላስ ቦአስ ወንድማማቾችም ነበሩበት። እስከዚያ ድረስ መንግሥት ለነባሮቹ መሬት ሰጠ ሲባል በአንድ ጣቢያ ዙሪያ ያለች ቁራጭ ማሳ ማለት ነበር። እነዚህ ሰዎች የጠየቁት ሌላ ነገር ነው። ዓሣ የሚጠመድበት ወንዝ፣ የሚታደንበት ጫካ፣ የአባቶች መቃብር፣ ብዙ ሕዝቦች አብረው የኖሩበት አገር በሙሉ ይከለል አሉ። የማቶ ግሮሶ ግዛት አስተዳደር ግን ያንኑ መሬት ለኩባንያዎች እየሸነሸነ ይሸጥ ነበር። ረቂቁ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ሲጸድቅም ከተጠየቀው እጅግ አንሶ ነው የወጣው።

መግቢያው ለምን ተከለከለ? ለዚህ መልሱ በ1954 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ላይኛው ሺንጉ ኩፍኝ ገብቶ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ። ያኔ እዚያ የሚኖረው ሕዝብ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነበር። የካአፖርን መንደር ያየ ሰው እንግዳ እንደፈለገ ይግባ ሊል አይችልም። የተፈለገው ጉንፋን ይዞ የሚመጣውን ጎብኚ፣ ወርቅ ቆፋሪውንና የመሬት ነጋዴውን ማስቀረት ነው። ከ1965 ጀምሮ ከሳኦ ፓውሎ የሕክምና ትምህርት ቤት የሚመጡ ሐኪሞች በየጊዜው እየሄዱ ክትባት ሰጡ። የሕዝቡ ቁጥርም ማንሰራራት ጀመረ። በአንበሳ ግቢ ውስጥ የሚገባው ተመልካች ነው። ሺንጉ የተከለለው ደግሞ ተመልካች እንዳይገባ ነው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑት፣ ሰዎች ከራሳቸው አገር ተነሥተው ሺንጉ መግባታቸውን ሲያነሱ ነው። ካዋይዌቴዎች ከምዕራብ መጥተው እዚያ ሰፈሩ፤ የለቀቁት መሬት ለሌላ ሆነ። የፓናራ ሕዝብ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያማል። ከኩያባ ወደ ሳንታሬም የሚወስደው መንገድ አገራቸውን ሲያቋርጥ በበሽታ አለቁ። የተረፉት በ1975 በአውሮፕላን ተጭነው ሺንጉ ተወሰዱ። በ1990ዎቹ ከቀድሞ አገራቸው ወደ ተረፈው ክፍል ተመለሱ፤ መንግሥትንም ከሰው ረቱ። ይህ ሁሉ በደል ነው። መሸፋፈን አይገባም። ግን በ1975 ፓናራዎችን የጫነው መንግሥት ዳርሲን ያሰረውና ያሳደደው መንግሥት ነው። ዕዳውን በእሱ ስም መጻፍ ትክክል አይደለም።

ዛሬ የሺንጉን የሳተላይት ፎቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ቀላል ነው። ዙሪያው አኩሪ አተርና የከብት ግጦሽ ነው። ጫካው የቀረው ወሰኑ ውስጥ ነው። ወሰኑ ባይኖር ምን ይቀር እንደነበር ከወሰኑ ውጭ ያለው ይናገራል።

«ነባሮቹ መናገር ሲችሉ እሱ አፋቸው ሆነ»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። የዳርሲ ትውልድ ስለ ነባሮቹ ሲናገር ብዙ ጊዜ አሳዳጊ ስለ ልጁ እንደሚናገረው ነው። ሕጉም እንዲያ ነበር። በ1916ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ነባሮቹ ሙሉ ችሎታ የሌላቸው፣ የመንግሥት ሞግዚትነት የሚያስፈልጋቸው ተብለው ተመድበው ነበር። ዳርሲ ሕይወቱን የጀመረው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ከአነጋገሩ ሁሉ አልጠፋም።

ግን ጽሑፉ ማሪዮ ዡሩናን «አሻንጉሊት» ብሎ ሲያልፈው ግማሹ መንገድ ያልቃል። ዡሩና የሻቫንቴ ሕዝብ መሪ ነበር። የባለሥልጣናትን ተስፋ በቴፕ እየቀዳ የሚዞር ሰው ነበር። ቃል ገብተው ሲክዱ ድምፃቸውን ያሰማቸዋል። በ1980 በአሜሪካ አህጉር ነባር ሕዝቦች ላይ ስለተፈጸመ ግፍ የሚመክረው የራስል ሸንጎ ሮተርዳም ላይ ሲቀመጥ ዡሩናም ዳርሲም ተጠሩ። ወታደራዊው መንግሥት ለዡሩና ፓስፖርት ከለከለ። ምክንያቱ ያው ሞግዚትነት ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ ዡሩና ረታ፤ ሮተርዳምም ገባ። በ1982 በዳርሲና በፖለቲከኛው በሌዮኔል ብሪዞላ ፓርቲ ተወዳድሮ ከሪዮ ከ30 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ። በብራዚል ታሪክ የመጀመሪያው ነባር የፌዴራል ምክር ቤት አባል ሆነ። በ1983 ምክር ቤት ቆሞ ሚኒስትሮቹን ሌቦች አላቸው። ፕሬዚዳንቱ ይባረርልን አሉ፤ ወንበሩን ግን አላጣም። አሻንጉሊት እንዲህ አይናገርም። ይህን ሰው ተናጋሪ ያደረገው ዳርሲ ነው ማለቴም አይደለም። ዳርሲ ያደረገው ፓርቲው በሩን እንዲከፍት መወትወት ነው።

ዡሩና በ1986 ተሸነፈ። ከእሱ በኋላ ሌላ ነባር ለዚያ ምክር ቤት እስኪመረጥ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ አለፈ። በ2018 የገባችው የዋፒሻና ተወላጇ የሕግ ባለሙያ ጆኤኒያ ናት። ጸሐፊው ማንሳት የነበረባቸው ጥያቄ ይህ ነበር። ዳርሲ ለምን በሩን ከፈተ ሳይሆን ሌሎቹ ፓርቲዎች ለምን ይህን ያህል ጊዜ ዘጉት?

አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉ በርታን «ሚስቱ» ብሎ ብቻ አልፏታል። በርታ ሪቤይሮ ምሥራቅ አውሮፓ ውስጥ ቤሳራቢያ የተወለደች፣ በልጅነቷ ብራዚል የገባች አይሁዳዊት ናት። በነባሮቹ የእጅ ሥራ ላይ ትልቅ ጥናት ያደረገች አንትሮፖሎጂስት ናት። የዳርሲ ቀደምት ሥራዎች ላይ ላቧን አፍስሳለች፤ ስሟ ግን የሚገባውን ያህል አልተጠራም። ይህ እሱን የሚያስወቅስ እውነተኛ ነጥብ ነበር። በ1980 የዴሳና ሕዝብ ተወላጅ የሆኑ አባትና ልጅ የሕዝባቸውን የፍጥረት ታሪክ በራሳቸው ስም ሲያሳትሙ ያገዘቻቸው እሷ ናት። በሰው ፈንታ መናገርን ስለመተው ማውራት ከተፈለገ ምሳሌው እዚያው ቤት ውስጥ ነበር።

«ፓርላማ ሲገባ ረሳቸው»

ይህ አጭር መልስ ይበቃዋል። ዳርሲ ሪዮ ውስጥ የብሪዞላ ምክትል አገረ ገዥ ሆኖ ልጆች ሙሉ ቀን የሚውሉባቸው፣ የሚመገቡባቸውና የሚታከሙባቸው ትምህርት ቤቶች አሠራ፤ በብሪዞላ ሁለት የሥልጣን ዘመናት ወደ 500 ገደማ ተገነቡ። ንድፉ የአርክቴክቱ የኦስካር ኒማየር ነው። በ1990 ሴናተር ሆኖ ተመረጠ። የመጨረሻ ሥራው በታኅሣሥ 1996 የጸደቀው የአገሪቱ የትምህርት ሕግ ነው፤ ብራዚላውያን ዛሬም በስሙ ይጠሩታል። ሕጉ ነባር ሕዝቦች በሁለት ቋንቋ እንዲማሩ፣ ታሪካቸውና ማንነታቸው በትምህርት ቤት ቦታ እንዲያገኝ መንግሥትን ያስገድዳል። ከጸደቀ በሁለት ወሩ ዳርሲ ሞተ። የረሳ ሰው በሞት አልጋው ይህን ያስጽፋል?

«ራሱም አልተሳካልኝም ብሏል»

ብሏል፤ ግን ጽሑፉ ንግግሩን መሀል ላይ ቆርጦታል። የፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲሰጠው ዳርሲ የሽንፈቶቹን ዝርዝር ተናገረ። ነባሮቹን ማዳን አቃተኝ፤ የብራዚልን ልጆች ሁሉ ማስተማር አቃተኝ፤ ቁም ነገር ያለው ዩኒቨርሲቲ ማቆም አቃተኝ አለ። የሚቀጥለውን ነው ጸሐፊው የተዉት። ሽንፈቶቼ ኩራቴ ናቸው አለ፤ በሌላ ጊዜም በአሸናፊዎቼ ቦታ መሆንን እጠላ ነበር ብሏል። ሁለቱን ክፍል ለያይቶ መጥቀስ አንባቢን ማሳሳት ነው።

አሸናፊዎቹ እነማን እንደነበሩም ማወቅ ይገባል። በ1964 የፕሬዚዳንት ዦአኦ ጉላርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሳለ መንግሥቱ ተገለበጠ። ኡራጓይ ተሰደደ። በ1968 ሲመለስ አሠሩት። በ1969 ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነጻ ቢያወጣውም አገሩ መቆየት አልቻለም። ቬኔዙዌላ፣ ቺሊ፣ ፔሩ ዞረ። በ1974 የሳንባ ካንሰር ስለያዘው ለቀዶ ሕክምና እንዲገባ ፈቀዱለት፤ አንድ ሳንባውን አጣ። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ሠራ። በ1995 ካንሰሩ ሲበረታበት ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ጠፍቶ ማሪካ ወዳለው ቤቱ ሄደ። ስለ ብራዚል ሕዝብ የሚጽፈውን መጽሐፍ ሳይጨርስ መሞት አልፈለገም። ጨረሰውም።

በአንድ ነገር ግን በእርግጥ ተሳስቷል። ነባሮቹ እየመነመኑ ይሄዳሉ ብሎ ፈርቶ ነበር። እንዲያ አልሆነም። በ2022 የብራዚል ሕዝብ ቆጠራ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነባር ተብሎ ተመዘገበ። ክትባቱ አለበት፤ መሬት መከለሉ አለበት፤ በ1988ቱ ሕገ መንግሥት የመሬት መብታቸው መታወቁ አለበት። ማንነቱን ደብቆ የኖረው ሰውም ወጥቶ ተቆጥሯል። ከሁሉ በላይ የራሳቸው ድርጅትና ትግል አለበት። በ2023 የነባር ሕዝቦች ሚኒስቴር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሶኒያ ጉዋጃጃራ ሆነች። እሷም የማራንያው ልጅ ናት። ዳርሲ ኖሮ ቢሆን በስህተቱ ከሁሉ ይልቅ የሚደሰተው እሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ማረም የሚችሉ ከሆነ ሦስት ነገር እለምናቸዋለሁ። ሺንጉን ከወታደሮቹ ሥራ ዝርዝር ያውጡት፤ ዓመቱ 1961 ነው። ዡሩናን አሻንጉሊት ያሉበትን ቃል ይሰርዙት። የሶርቦኑንም ንግግር እስከ መጨረሻው ያስነብቡን። በሺንጉ ስለተፈናቀሉት የጻፉት ግን እንዳለ ይቆይ።